እትዬ ኪኑ ታፔላዋን ያዛገች ጊዜ

ሰው ሱቁን የሚያሳድሰው ገበያው እንዲደራለት ነው። ሱቋን አሳድሳ ገበያዋን ያባረረች ሰው ግን እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሷም ከፊት ለፊቴ ያለችው ጎረቤቴ እትዬ ኪኑ ናት። እኔ ሄይሱኬ እባላለሁ፣ ጸጉር አስተካካይ ነኝ። ደንበኛዬ መስታወቱ ውስጥ ራሱን ሲያይ እኔ ከጀርባው የእሷን ሱቅ አያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እሷን ሳይ ኖርኩ ብል ውሸት አይሆንም፤ ሚስቴ ፊት ግን አልልም።

ሱቋ ያለው ናጊኡራ ወደብ፣ ከባቡር ጣቢያው ወደ ባሕሩ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። የምትሸጠው ኮሮኬ ብቻ ነው። ድንቹን ቀቅላ ትፈጫለች፣ ሽንኩርትና ትንሽ ሥጋ ትጨምርበታለች፣ በዳቦ ፍርፋሪ ለውሳ የጋለ ዘይት ውስጥ ትጥለዋለች። ባሏ ሳለ እሱ ይፈጫል፣ እሷ ትጠብሳለች፤ እሱ ካረፈ ወዲህ ሁሉንም ራሷ ነች። አጭር ናት፣ ፈጣን ናት፣ ምላሷም አያርፍም። «አንተ የሰው ጸጉር ታስተካክላለህ፣ የራስህን ማን ወሰደብህ?» ትለኛለች ጠዋት ጠዋት። መላጣ ነኝ፤ ምን ላድርግ።

መንገዳችን እየሞተ ነበር። ጫማ ሰፊው ዘጋ፣ ዓሣ ሻጩ ልጆቹ ጋ ሄደ፣ ከሰዓት በኋላ ከድመት በቀር የሚያልፍ ጠፋ። ታዲያ አንድ ቀን ሁለት ወጣቶች መጥተው የኪኑ ሱቅ ፊት ለፊት ቆሙ። ስልካቸውን ክንዳቸውን ዘርግተው ይዘው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ፣ አንድ ወደ ጎን፣ ጎንበስ፣ ቀና። ኪኑ ማንኪያዋን እንደያዘች እየሮጠች እኔ ጋ ገባች።

«ሄይሱኬ፣ መጡልህ። መንገድ ሊያሰፉ ነው፤ ሱቃችንን እየለኩ ነው።»

«በስልክ ነው የሚለኩት?»

«ዘንድሮ በስልክ የማይደረግ ምን አለ?»

ወጥተን ጠየቅናቸው። ልጆቹ እየተሽቆጠቆጡ ስልኩን አሳዩን። የካርቱን ፊልም ነው፣ ወጣቱ ሁሉ አኒሜ እያለ የሚያብድበት። ሥዕሉ ላይ ሪትሱካ የምትባል ተማሪ የኪኑን ሱቅ ምሰሶ ተደግፋ ኮሮኬ ትበላለች። ሱቁ ራሱ ነው፤ አንድ ሚስማሩ ለቆ ወደ ቀኝ ያዘነበለው የቆርቆሮ ታፔላ፣ ከሌላው ሚስማር ሥር እንደ እንባ የወረደው ዝገት፣ የተጣፈው ቀይ ሸራ፣ አንድ ጣውላ የጎደለው አግዳሚ ወንበር። የፊልሙ ሠዓሊዎች መቼ መጥተው እንዳዩት እግዜር ይወቅ። የእኔ ጸጉር ቤት ደግሞ ጥግ ላይ በግማሽ ብቅ ብሏል፤ በሩ እንኳ የለም። እስከዛሬ ይከነክነኛል።

ከዚያ በኋላ ጎረፉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቶኪዮ፣ ከሴንዳይ፣ ከማላውቀው ቦታ ሁሉ ባቡር ተሳፍረው ይመጣሉ። ከፊልሙ ያተሙትን ሥዕል ዘርግተው የተሣለው ታፔላ ከእውነተኛው ታፔላ ጋር እስኪገጥምላቸው ይፈልጉና፣ ሲገጥም «አሃ» ብለው ፎቶ ያነሳሉ። ከዚያ ልክ እንደ ልጅቷ ምሰሶውን ተደግፈው፣ እንደ እሷ ምላሳቸውን እያቃጠሉ ኮሮኬ ይበላሉ። መንገድ አይዘጉም፣ ቆሻሻ አይጥሉም፣ ሳይገዙ መሄድ በእነሱ ዘንድ ነውር ነው። ኪኑ ፊልሙን አንድ ጊዜ አይታ «ይቺ ልጅ በልታ ስትከፍል አላየሁም» ብላ ተቆጣች። ግን ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ቀኑን ሙሉ «ትኩስ ነው?» የሚላት ሰው አገኘች፤ እሷም ቀኑን ሙሉ «ቀስ ብለህ፣ ትቃጠላለህ» ትላለች።

ነገሩ የተበላሸው በብርዱ ወራት ነው። ኪኑ የድንች ጆንያ ተሸክማ ስትወርድ እርጥብ ደረጃ ላይ ተንሸራታ ወደቀች። አልተሰበረችም፤ ዳሌዋ ግን ጠቁሮ ከረመ። ልጇ ሹሄይ ከናጎያ በረረ። ሹሄይ ደግ ልጅ ነው፣ ሥራው የብረት ድልድይ እየዞረ መመርመር ነው፤ የዛገ ነገር ሲያይ እንቅልፍ የሚያጣ ዓይነት ሰው። እናቱንም እንደ ድልድይ መረመራት።

«እማዬ፣ በቃሽ። ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ፣ እኛ ጋ ነይ» አላት።

«ሱቁስ?»

«ሱቁ ምን አለው? አንቺና ጋሽ ሄይሱኬ ተፋጣችሁ የምትውሉበት ነው።»

«ቅዳሜ መጥተህ እይ።»

ተከራክረው ተከራክረው ተስማሙ። ሐምሌ ላይ ሹሄይ ዕረፍት ወስዶ ይመጣል። ሱቁ ሰው ካለው ትቆያለች፤ ከሌለው ይዟት ይሄዳል። ኪኑ በመሐላ እሺ አለች፤ እሷ እሺ ካለች አለች ነው። በሐምሌ የሪትሱካ ልደት ነው፣ የፊልሟ ልጅ ልደት፤ በዚያ ቀን እንግዳ እንደ አሸን እንደሚፈላ ታውቃለች። ልቧ ሞላ።

ችግሩ የኪኑ ልብ ሲሞላ እጇ አያርፍም። በጸደይ አንድ ጠዋት መሰላል ተሸክማ ስትወጣ አየኋት።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ላሳድሰው ነዋ። ከሴንዳይ ድረስ ለመጣ እንግዳ ዝገት ላሳየው? የተሰበረ ወንበር ላይ ላስቀምጠው? አንተስ አታፍርም?»

«ዝገቱ ያንቺ ነው፣ እኔ ምን አሳፈረኝ?»

ግን እውነቱን ለመናገር ልክ መስሎኝ ነበር። በእኛ አገር እንግዳ ሲመጣ በር ይጠረጋል፣ ይወለወላል፤ ከዚህ የተለየ የሚያውቅ ማን አለ? የመንደሩ ማኅበር ሰዎችም መጥተው ሣሩን ነቀሉ። አዲስ ታፔላ አሠራች፤ ነጭ በነጭ፣ ፊደሉ ደማቅ ቀይ፣ ቀጥ ብሎ የተሰቀለ። ሸራው ተቀየረ፣ አሮጌውን እኔ ለሞተር ሳይክሌ መሸፈኛ ወሰድኩት። ወንበሩ አዲስ ጣውላ ገባለትና ሰማያዊ ተቀባ። አሮጌው ታፔላ በቆሻሻ መኪና ሄደ። ኪኑ መንገዱ መሃል ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው። «አሁን እንግዳ ይምጣ» አለች።

መጡ። የመጀመሪያዎቹ ቅዳሜ ሲመጡ በመስታወቴ አየኋቸው። ሥዕላቸውን አወጡ፣ ክንዳቸውን ዘረጉ፣ ወደ ኋላ ሄዱ፣ ወደ ጎን ሄዱ። ተያዩ። ሥዕሉን ቀስ ብለው ወደ ቦርሳቸው መለሱት። ከዚያ ወደ ኪኑ ቀርበው እጅ ነሥተው «እንዴት አምሮበታል፣ እንዴት ጸድቷል» አሏት። አንዳንድ ኮሮኬ በልተው፣ ባሕሩን ፎቶ አንስተው ሄዱ።

«አየህ፣ ወደዱት» አለችኝ ፊቷ እያበራ።

በሚቀጥለው ሳምንት የመጡትም «አምሮበታል» አሉ። ከዚያ የመጡትም። ቁጥራቸው ግን እያነሰ ሄደ። የዝናቡ ወቅት ሲገባ ቅዳሜ ሁለት ሰው ብቻ መጣ። ሁለቱም አመስግነው ሄዱ። ኪኑ ጥፋቱን ምግቧ ላይ ፈለገች። ድንቹን ቀየረች፣ ዘይቱን ቀየረች፣ በየቀኑ አንድ አንድ እያመጣች «ቅመሰው፣ ምን ጎደለው?» ትለኛለች። ምንም አልጎደለውም። እኔ በዚያ ወር ወፈርኩ።

አንድ ከሰዓት ዝናቡን እያየን የእኔ ደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ አንድ ነገር አለችኝ። ኪኑ ቀልድ ሳትቀላቅል ስታወራ መስማት አልለመድኩም።

«የናጎያዋ ክፍል ጥሩ ናት። አይቻታለሁ፣ ንጹሕ ናት። ሹሄይም ሚስቱም አያስቀይሙኝም። ግን ሄይሱኬ፣ እዚያ ማን ነው ‹ትኩስ ነው?› የሚለኝ? እዚያ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። እዚያ እኔ ነኝ ቁጭ ብዬ ሰው የምጠብቀው።»

አንገቷን የሚሸፍነውን ጨርቅ አደረግኩላትና ሳትጠይቀኝ ጸጉሯን አስተካከልኩላት።

ልደቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ማኪ ከኦሳካ መጣች። ማኪ የጭነት መኪና ሹፌር ናት፤ ከመጀመሪያዎቹ እንግዶች አንዷ ነች፣ ጭነት ወደዚህ ባወረዳት ቁጥር ሳትመጣ አትቀርም። ከሥራ ብዛት ከብርዱ ወራት ወዲህ አልታየችም ነበር። ቁልቁለቱን እያፏጨች ወርዳ ሱቁ ፊት ስትደርስ ፉጨቷ ተቋረጠ።

«እማማ፣ ማነው ይሄን ያደረገው?»

«እኔ ነኝ። አላማረም?»

«አምሯል። ግን አበላሽተሽዋል።»

እኔ መላጫዬን እንደያዝኩ ወደ በሩ መጣሁ። የኦሳካ ሰው አፉ ፈጣን መሆኑን ባውቅም ኪኑን እንዲህ ሲላት ሰምቼ አላውቅም። ማኪ ስልኳን አውጥታ ሥዕሉን ለኪኑ ያዘችላት።

«ሰዉ የሚመጣው ይህን ሊያይ ነው፣ እማማ። ይህ የተጣመመው ታፔላ፣ ይህ ዝገት። ልጅቷ ከቤቷ ተጣልታ ስትወጣ የምታየው እሱን ነው፤ ‹ይህም እንደ እኔ ተጣሟል፣ ግን አልወደቀም› ትላለች። ሰዉ ያንን ነው የሚያየው። አሁን ሥዕሉን ብዘረጋ ከምን ጋር ላግጥመው?»

ኪኑ ሥዕሉን አየች፤ ቀና ብላ ነጩን ታፔላ አየች። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አንድ ሰው አልነገረኝም?»

«መሰላል ላይ ወጥተሽ ደክመሽ ስትቀቢላቸው፣ ማን አፍ አለው? ‹አምሮበታል› ብለው ሄዱ። ምን ይበሉሽ?»

የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ኪኑ ግን ሳቀች፤ እስኪያስላት፣ ምሰሶውን ይዛ ሳቀች። «ወይ የኔ ጉድ» አለች እንባዋን እየጠረገች፣ «ድንቹን ሦስት ጊዜ ቀየርኩት እኮ። ይሄ ጦሰኛ ታፔላ ነው እንጂ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሄይሱኬ፣ ሸራዬን መልስልኝ።»

የዚያን ከሰዓትና በማግስቱ ሦስታችን ማፍረስ ያዝን። ሸራውን ከሞተር ሳይክሌ ላይ ገፍፌ አመጣሁ። ማኪ አዲሱን ጣውላ ከወንበሩ ነቀለች፣ ሰማያዊውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፋቀች። የታፔላውን ቀለምም ፋቀን አደበዘዝነው፣ ነጩ ሄዶ ቆርቆሮው ብቅ አለ፤ የቀኙን ሚስማር አላልተንም ወደ ቀኝ አዘነበልነው። ዝገት የሚያመጣው ጨውና ሆምጣጤ ነው አለች ማኪ። ኪኑ መሰላል ላይ ወጥታ በብሩሽ መቀባት ጀመረች፤ እኔ ከሥር ጠርሙሱን ይዣለሁ። መውጣቷን ተቃውሜ ነበር። አልሰማችኝም።

ሹሄይ የደረሰው በዚያ ሰዓት ነው። ከልደቱ አንድ ቀን ቀድሞ መጣ፣ ሊያስደስታት። ሻንጣውን እንደያዘ መንገዱ መሃል ደርቆ ቀረ።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ታፔላውን እያዛግኩ» አለች ሳትዞር።

«እያ... ምን?»

«እያዛግኩ። አዲስ ነበር፣ በሦስት ወር አልዛግ አለኝ።»

ዕድሜውን ሁሉ ከዝገት ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ነው። ፊቱ ሲነጣ አየሁት። እሷን ቀስ አድርጎ አወረዳትና እኔን በክንዴ ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«ጋሽ ሄይሱኬ፣ መቼ ነው የጀመራት?»

«ምኑ?»

«ይሄው... ነገሩ። ለምን አልደወሉልኝም?» ከዚያ ዓይኑ እጄ ላይ ካለው የሆምጣጤ ጠርሙስ ላይ አረፈ። «እርስዎም?»

ላስረዳው ሞከርኩ። የካርቱን ልጅ፣ የተጣመመ ታፔላ፣ ልደት፣ እያልኩ ስቀባጥር የራሴም ጆሮ አላመነኝም። ጥግ ይዞ ለሚስቱ ሲደውል ሰማሁት፤ «ጎረቤቱንም ይዞታል» አላት። ማታ አብረን ራት ስንበላ ኪኑን ሐኪም እንደሚጠይቀው ይጠይቃት ጀመር። ዛሬ ምን ቀን ነው? ከመቶ ላይ ሰባት ሲቀነስ ስንት ይቀራል? ኪኑ ዓሣዋን እያገላበጠች ሁሉንም መለሰች። ከዚያ «አንተስ፣ የሚስትህ ልደት መቼ ነው?» አለችው። ሹሄይ አሰበ፣ ጣራውን አየ፣ መልሱ አልመጣለትም። ኪኑ ሥራዬ ብላ ወደ እኔ አየች፤ እኔ በሩዜ ላይ አጎነበስኩ።

ግን ቀልዱ ብዙም አላስኬደንም። ሹሄይ ሲነሳ ረጋ ብሎ «እማዬ፣ ነገ የሚመጣውን አያለሁ፤ ቃሌ ቃል ነው። ሰው ከሌለ ግን ሻንጣሽን አዘጋጂ» አላት። ኪኑም «ቃሌ ቃል ነው» አለች። ሳህኖቹን አንስታ ልታጥብ ሄደች።

በማግስቱ ዝናቡ አቁሞ ነበር። ከመጀመሪያው ባቡር ማንም አልወረደም። ኪኑ ዘይቱን አግላ ድንቹን ደርድራ ቆማለች። ሹሄይ የተሰበረው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። እኔ የመጣልኝን ደንበኛ ጆሮ ልቆርጥ ምንም አልቀረኝም።

ሁለተኛው ባቡር ሲቆም ከቁልቁለቱ ላይ የእግር ድምፅ ሰማን። ማኪ ናት፣ ጣቢያው ድረስ ሄዳ ኖሯል፣ ከፊት ከፊት እየመራች። ሌሊቱን በስልኳ ለሁሉም ጽፋ ኖሯል፤ «የእማማ ታፔላ ተመልሷል» ብላ። ከኋላዋ የሰው ጅራት ተከትሏት ወርዷል፣ እንደ ለመደባቸው በሰልፍ፣ የመንገዱን ጠርዝ ይዘው። አንዲቱ ለልጅቷ ልደት ኬክ ይዛለች። ሁሉም ሥዕላቸውን አወጡ፣ ክንዳቸውን ዘረጉ።

ወደ ኋላ። ወደ ጎን። ተያዩ።

«በጣም አምሯል፣ እማማ» አለ አንዱ እጅ እየነሣ።

ያን ቃል አውቀዋለሁ። ኪኑም ገባት፤ ማንኪያዋ አየር ላይ ቆመ። ሹሄይ ግን ከወንበሩ ተነሥቶ በማኪ ትከሻ ላይ አሻግሮ ሥዕሉን እያየ ነበር። ሥዕሉን አየ፣ ታፔላውን አየ፣ እንደገና ሥዕሉን።

«ተሳስታችኋል» አለ።

ሁሉም ዞረው አዩት።

«ዝገቱ የሚወርደው ከግራው ሚስማር ነው። እዚህ ከቀኙ አውርዳችሁታል። ታፔላው ወደ ቀኝ ካዘነበለ ውኃው ግራ ላይ ባለው ቀዳዳ ነው የሚገባው፤ ከዚያ ነው የሚበላው። ሠዓሊው በደንብ አይቶታል፤ እናንተ ናችሁ ያላያችሁት።» ድምፁ ተቆጥቷል። ድልድይ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ ሠራተኞቹን እንዴት እንደሚጮህባቸው ገባኝ። «ብሩሹን ስጡኝ። ጋሽ ሄይሱኬ፣ ሆምጣጤውን።»

ኮቱን አውልቆ ለማኪ ሰጣትና መሰላሉ ላይ ወጣ። ያ ሁሉ ሰልፈኛ መሰላሉን ለመደገፍ ተሻማ። ከሥር ሆነው ሥዕሉን ዘርግተው «ትንሽ ወደ ታች»፣ «እዚያ ጋ ይቅጠን»፣ «አሁን ወፍራም» ይሉታል፤ እሱ ደግሞ ምላሱን በጥርሱ ይዞ ይቀባል። አንዲቱ ልጅ «አሃ» አለች። ከዚያ ሌላው «አሃ» አለ። ፎቶው ጀመረ፣ ሰልፉ ወደ ኪኑ መስኮት መንቀሳቀስ ያዘ። «ትኩስ ነው?» ሲል የመጀመሪያው ሰው ሰማሁት።

ሹሄይ ወርዶ እጁን እየጠረገ ሥራውን አየ። አልረካም።

«ይሄ ላዩን ብቻ ነው» አለ። «ውስጡ ገብቶ እንዲይዝ አንድ የዝናብ ወቅት መክረም አለበት። የሚከታተለው ሰውም ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ በልቶ ይጥለዋል።»

«ማን ይከታተለው ታዲያ?» አልኩት። ሆን ብዬ ነው፣ አልዋሽም።

ሰልፉን አየ፣ ምሰሶውን ተደግፋ ምላሷን እያቃጠለች ያለችውን ልጅ አየ። ከዚያ እናቱን አየ። «እማዬ ናታ» አለ። «ሌላ ማን ያውቀዋል? እኔም በመከር መጥቼ አየዋለሁ፤ ካልያዘ እንደገና እንቀባዋለን።»

ኪኑ ጀርባዋን ሰጥታናለች፣ ግን ሰምታለች። ማንኪያዋን ዘይቱ ውስጥ ረሳችው፤ ኮሮኬዎቹ ጠቆሩ፣ ጭስ ሲያወጡ ነው የነቃችው። ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ እነዚያኑ ለሰልፈኛው ሰጠቻቸው፤ ምን እንደምትሰጥ ያየች አይመስለኝም። ሰዉ እያመሰገነ ተቀበላት፣ እየነፋ በላ፣ «ይጥማል» አላት።

«አሯል፣ እማማ» አለቻት ማኪ።

እውነቷን ነው፣ አሯል። እኔ ሁለት በላሁ።